የሰጠኝ ደረት

እስቲ ድብ ባሕር ገበያ ጥግ የቆመውን ሰውዬ እዩት። ጋቢው ደረቱ ላይ አብጧል፤ ከጋቢው ሥር የሚስቱን መቀነት ታጥቋል። ሰጠኝ ይባላል፤ ገብስ አራሽ ነው። በመቀነቱ ያሰረው ሴት ልጁን ነው፤ ራቁቷን፣ ቆዳዋ ከቆዳው ተጣብቆ።

«ምነው ሰጠኝ፣ ታቀፍህ?» ይለዋል ጎረቤቱ አያ ይበልጣል፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። «መቼ ነው የምትፈለፍል?»

«ቀኗ ሲደርስ፣ አያ።»

ገበያው ይስቃል። ይሳቅ።

ልጅቱ የተወለደችው ያለ ወሯ፣ ጎንደር ከተማ፣ በቀዶ ጥገና ነው። እናቷ ልዕልት ብዙ ደም ፈስሷት ራሷን አታውቅም ነበር። ነርሷ ሒክማ ጭብጥ የምታህለውን ሕፃን ይዛ ወጣችና ሰጠኝን «ሸሚዝህን አውልቅ» አለችው።

«እኔ? ወንድ ነኝ እኮ፣ እህቴ።»

«ወንድ ሙቀት የለውም? ብርድ እየገደላት ነው፤ ፍጠን።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ውርጭ ላይ ብትቆም ትንቀጠቀጣለህ፤ ቆላ ብትወርድ ያልብሃል። ውጭው እንዲህ ሲለዋወጥ የውስጥህ ሙቀት ግን ከቦታው እምብዛም አይነቃነቅም፤ ሰውነትህ ሳታዝዘው ይጠብቀዋል። ያለ ወሩ የተወለደ ሕፃን ይህን ገና አይችልም። መንቀጥቀጥ አያውቅም፤ ከቆዳው ሥር ስብ የለውም፤ የሚጠባው ወተት ማደጊያ መሆኑ ቀርቶ ማገዶ ይሆናል። የራሱ እስኪበረታ የሌላ ሰው ሙቀት መዋስ አለበት።

እኛስ ምን እናደርጋለን? ገና እርጥቡን በውሃ እናጥበዋለን። እሳት ዳር እናስተኛዋለን፤ እሳቱ አንድ ጎኑን ይጠብሰዋል፣ ሌላው ይበርደዋል። ሲሞት «ዕድሜው አልነበረም» እንላለን። ዕድሜውስ ነበር። ያጣው ደረት ነው፤ እኛ ደረታችንን የምናውቀው ለመንፋት ብቻ ነዋ።

ሰጠኝ ደረቱን ከፈተ። ልዕልት ተሽሏት ድብ ባሕር ሲገቡም ማታ እሷ፣ ቀን እሱ ታቀፉ። ሒክማ «ሙቀቷን ለማወቅ እግሯን ሳይሆን ጀርባዋን ዳስስ» ብላው ነበርና እርሻ ዳርም፣ ገበያም ሆኖ ይዳስሳል። ሳቁን ከመጤፍ አይቆጥረውም። ልጅቱ ከበደች፤ መቀነቱ አጠረ።

በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ተነሣች። የደጋ ጠዋት ነው፤ ውሃው አጥንት ይሰብራል። ገና ሲነካት ቤተ ክርስቲያኑን በጩኸት ሞላችው። የክርስትና እናቷ አድርቃ በነጠላ ጠቅልላ ያዘቻት። ሰጠኝ የሸሚዙን ቁልፍ ፈትቶ፣ ቅዳሴው እስኪያልቅ በአንድ እግሩ እየቆመ ጠበቀ። ሲቀበላት እጁን ወደ ጀርባዋ ሰደደ።

ትሞቃለች። ደረቱን ሳትነካ፣ በራሷ።

አያ ይበልጣል ከኋላው ቆሞ ኖሯል። «በል ቆልፍ ሸሚዝህን» አለው። «ተፈልፍላለች።»

ሴቶቹ እልል አሉ፤ ሰጠኝም ሳያፍር አብሯቸው እልል አለ።

ወንድሜ፣ ሚስትህ ያለ ወሯ ብትወልድ ተጀንነህ ደጅ አትቁም። ሐኪሞቹን ጠይቅና ሸሚዝህን አውልቅ።