የስቬቶዛር ጥጥና የሚሉንካ አረቄ

እኛ መንደር፣ ሞራቫ ወንዝ ዳር፣ ያረጀ ኮምፒውተር ሲታመም የሚጠራው ጡረተኛው የስልክ ሠራተኛ ስቬቶዛር ነው። ማሽኑ እየጮኸ ስክሪኑ ከጨለመ ሕክምናው አንድ ነው፤ ሚሞሪ የሚባለውን ስስ ካርድ ይነቅላል፣ የካርዱን የብረት ጥርሶች አረቄ በነካ ጥጥ ይወለውላል፣ መልሶ ይሰካል። አረቄው ግን ቤት የወጣ የፕሪም አረቄ መሆን አለበት። "የፋርማሲው አልኮል ያበላሸዋል" ይላል፤ ውሸቱን ነው። ለጥጡ አንድ ጠብታ፣ ለሐኪሙ አንድ ብርጭቆ።

ባሏ የሞተባት የሚሉንካ ኮምፒውተር በየቅዳሜው መታመም አበዛ። በመንደሩ እንደ እሷ አረቄ የሚያወጣ የለም።

አንድ ቅዳሜ፣ ጎረቤት ነኝና፣ እኔም እዚያው ነበርኩ። ስቬቶዛር ወለወለ፣ ጠጣ፣ ሰካ። ስክሪኑ ጨለማ ነው። ደግሞ ወለወለ፣ ደግሞ ጠጣ። አሁንም ጨለማ። በሦስተኛው ላብ አጠመቀው።

"ምነው ዶክተር፣ በሽታው ጠፋህ?" አለች ሚሉንካ።

"እንዲህ ሆኖ አያውቅም።"

"እንዴት ብሎ ይሆናል? ሁሌ ስትሄድ ሚሞሪውን አላልተህ የምትሄደው አንተ ነህ።" እጇን ከስክሪኑ ጀርባ ሰደደችና ራሷ የነቀለችውን ገመድ ሰካች። ስክሪኑ ቦግ አለ። "ዛሬ ያሳመምኩት እኔ ነኝ። አንተ ገመዱን ሳታይ ጠርሙሱን አየህ።"

ስቬቶዛር እስከ ጆሮው ቀላ።

"አረቄ ያማረው ሰው በር ያንኳኳል እንጂ የሰው ኮምፒውተር አይገድልም" አለችና አራተኛውን ቀዳችለት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጸጉሩን አበጥሮ፣ ያለ መፍቻ መጣ። ኮምፒውተሩ ያን ቀን የእውነት ተበላሽቶ ነበር። እስከ ዛሬ የነካው የለም።