ላስፈርሰው የነበረው የመሃል ግድግዳ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ መካነ ሰላም በሚገኘው ባለቤቴ ከአባቱ በወረሰው ደርብ ቤት ነው።

ቤቱ የድሮ ነው። የታችኛው የውጭ ግድግዳ ድንጋይ፣ የላይኛው ጭቃ ነው። የላይኛው ከታችኛው አንድ ክንድ ያህል ወደ መንገዱ ወጣ ብሏል። ከስሩ ምሰሶ የለም፤ ብቅ ያሉ የወይራ ግንዶች ብቻ ይታያሉ። እኔ ለጌጥ የተተዉ ይመስሉኝ ነበር።

ባለቤቴ ለሥራ ወግዲ ሄዶ ሳለ፣ ክፍሉ ይስፋ ብዬ ፎቁን ለሁለት የሚከፍለውን የድንጋይ ግድግዳ ለማስፈረስ ሁለት ሠራተኞች ቀጠርኩ። ግማሹን አፍርሰው ድንጋዩን ወደ ጓሮ እንደጣሉት፣ ወለሉ ከእግሬ ስር ሲጢጥ አለ። በመንገዱ በኩል ያለው ግድግዳ ከማዕዘኑ ተላቆ፣ በስንጥቁ የውጭ ብርሃን ገባ።

አማቴ ከዚያ ግድግዳ ስር፣ ደጃፉ መደብ ላይ ተቀምጠው አተር ይለቅሙ ነበር። ልጠራቸው ወደ ስንጥቁ ዞርኩ።

«አቁሙ! አንዲት ድንጋይ እንዳትነኩ!» የሚል ድምፅ ከመንገድ ሰማሁ። ጎረቤታችን ሼህ እንድሪስ ነበሩ፤ በጉልምስናቸው ግንበኛ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። አማቴን እጃቸውን ይዘው ካራቁ በኋላ ወደ ላይ ወጡ።

«ልጄ፣ ግንዶቹ ከመንገዱ እስከዚህ ድረስ የገቡ ናቸው። ይሄ ግድግዳ ጭራቸውን ተጭኖ ይዞታል። እሱ ሲቀል ጭራው ይነሳል፣ ጫፉ ወደ መንገድ ይደፋል።»

«ምን ይሻላል ታዲያ?»

«አብሽሪ። ክብደት ይምጣ!»

ጎረቤቱ ሁሉ ስንዴውንም ጤፉንም በጆንያ እየተሸከመ መጣ። ሼህ እንድሪስ አንድ በአንድ፣ «ቀስ በሉ» እያሉ በግንዶቹ ጭራ ላይ አስደረደሩት። ጆንያ በተጨመረ ቁጥር ስንጥቁ ሲጠብ በዓይኔ አየሁ። በመጨረሻ ብርሃኑ ፀጉር አክሎ ቀረ።

«ያረቢ!» አሉ አማቴ ከታች።

ግድግዳው ተመልሶ እስኪገነባ እህሉ ከቦታው አልተነሳም።

«ይህን ማን አስተማረዎት?» ብዬ ሼህ እንድሪስን ጠየቅኳቸው።

«ቤቱን የሠሩትን ሰዎች አላውቃቸውም» አሉኝ። «እኔ ግንበኝነት የተማርኩት ከመንገድ ቆሜ ይሄን ቤት ቀና ብዬ እያየሁ ነው።»

እኔ ግን አሥር ዓመት ስኖርበት ምን እንደተሸከመኝ አንድ ቀንም ጠይቄ አላውቅም። አሁን በዚያ ግድግዳ አጠገብ ሳልፍ እጄን አሳርፍበትና፣ ስማቸውን ለማላውቃቸው ሰዎች ነፍስ ይማር እላለሁ።