ያረረው አብሽ

በዚያ ምግብ ቤት ትልቅነት የሚለካው በጓዳው ቁልፍ ነው። ቁልፉ የአማትየዋ ነው፤ ከወገባቸው ሳይወርድ ሠላሳ ዓመት ሲንቃጨል ኖሯል። ጓዳው ውስጥ ምስሩ፣ ሽምብራው፣ ከሙኑና አብሹ በየቆርቆሮው ተደርድሯል። አንዱም ቆርቆሮ ላይ ጽሑፍ የለም። "የማያውቅ ሰው ጓዳ ምን ሊያደርግ ይገባል?" ይላሉ አማትየዋ።

ትልቋ ምራት ይህን ቁልፍ አሥራ ስምንት ዓመት ስትጠብቀው ኖራለች። ካቻምና ግን የቤቱ ትንሽ ልጅ አገባና ትንሿ ምራት መጣች፤ ሳቂታ፣ እጇ የሚጣፍጥ። ደንበኛው ገና አንዴ እንደጎረሰ "ዛሬ ያቺ ልጅ ናት የሠራችው?" ማለት ጀመረ። ትልቋ ይህን በሰማች ቁጥር ቅናት እንደ እግር እሳት ያንገበግባታል። ልጅቷ ክፉ ብትሆን እንኳ በቀለላት ነበር። ክፋት የሚባል ነገር አልፈጠረባትም፤ እሱ ነው የባሰው።

አማትየዋ ጉልበታቸው ሲከዳቸው፣ "ቅዳሜ ትንሿ የምስር ሾርባችንን ትሥራና ልቅመስላት፤ ከዚያ ቁልፉን ለአንዳችሁ እሰጣለሁ" አሉ።

ቅዳሜ ጠዋት አብሽ ቆልታ የማታውቀው ትንሿ ምጣዱን ጥዳ፣ "እትዬ፣ አብሹ እስከ ምን ድረስ ነው የሚቆላው?" አለቻት።

አብሽ ቀላ ሲል ነው የሚወርደው፤ ካለፈ መረረ። ትልቋ ይህን አሳምራ ታውቃለች።

"ጥቁር እስኪል ቁዪው እህቴ። ጭሱ እንዳያስደነግጥሽ።"

ምሳ ላይ አማትየዋ አንድ ማንኪያ ቀመሱና ፊታቸው ተጨማደደ።

"ማነው እንዲህ ቁዪው ያለሽ?"

ትንሿ ዞር ብላ ትልቋን አየቻት።

"ማንም አላለኝም እማማ። ረስቼው ነው ያረረው።"

አማትየዋ ግን ዓይናቸውን ከትልቋ ላይ አላነሱም፤ ሳቅ አሉ። "ጥቁር እስኪል ቁዪው፣ ጭሱ እንዳያስደነግጥሽ። አይደል?"

ትልቋ ይህን ቃል የሰማችው አዲስ ሙሽራ ሳለች ነው፤ ከእኚሁ ሴትዮ አፍ። ያን ቀን አብሹን አሳርራ በደንበኛ ፊት ተሰደበች። ጓዳ ገብታ አለቀሰች፤ "እኔ ግን በሰው ልጅ ላይ እንዲህ አላደርግም" ብላም ማለች።

"ያኔ ልጄን ቀማሽኝ ብዬ ነበር" አሉ አማትየዋ፣ ቁልፉን ከወገባቸው እየፈቱ። "እንኪ ያዢ። እኔን የወጣሽው አንቺ ነሽ።"

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይኸው ነው። ትልቋ የተመኘችው ሁሉ እጇ ገባ።

ትንሿ ሾርባውን ደፍታ ድስቱን እየፈተገች ነበር።

"እንኳን ደስ ያለሽ እትዬ" አለቻት፣ ከልቧ። "ነገ የአብሹን አቆላል በደንብ ታሳዪኛለሽ፣ እሺ?"

ትልቋ ቁልፉን ጨብጣ ቆመች። ይህን ሁሉ ውጦ የሚስቅ ሆድ ከየት ይገኛል? እንደገና ቀናችባት።