ልጄ አልኮበለለም

ታላቅ ወንድሜ ከጅዳ በዶላር የላከውን ቼክ ይዘን ከኮምቦልቻ ደሴ የወጣን ዕለት እናቴ የኢድ ልብሷን ለብሳ ነበር። ክረምቱ ሊገባ ነው፤ ጣሪያችን ተበሳስቷል። ቼኩ ባንክ ገብቶ ሲመነዘር አዲስ ቆርቆሮ እንገዛለን ብለናል። የባንኩ ሠራተኛ ቼኩን አየ፣ የቀበሌ መታወቂያዋን አየ፣ ሁለቱንም መለሰልን።

«እናቴ፣ ይኼ የእርስዎ ስም አይደለም።»

«ወላሂ የኔ ነው! አማቴ ናቸው ያወጡልኝ።»

በእኛ አገር ሙሽራ ስትገባ የባል እናት ስም ታወጣላታለች። ጎረቤቱም እኛ ልጆቿም እናቴን የምንጠራት በዚሁ ነው፤ አባቷ ያወጡላትን ከመታወቂያው በቀር የሚያነሳው የለም። ወንድሜም የሚያውቃትን እናቱን ጻፈ። ምን ያድርግ? ሠራተኛው ግን ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን ቀበሌ ይጻፍላችሁ ብሎ ሸኘን።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ደብዳቤውን ሳያንገራግር ጻፈ፤ ማኅተሙንም መታ። ልቀበለው እጄን ስዘረጋ እናቴ ቀደመችኝ። በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠረችው እዚያው ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ነው። ጣቷን ከቃል ወደ ቃል እያሻገረች አነበበች፤ አንዱ ላይ ስትደርስ ቆመች። «ከአገር ከኮበለለው ልጃቸው የተላከላቸው» ይላል።

«የሚኮበልል ከብት ነው» አለችው። «ልጄ ሥራ ፍለጋ ነው የሄደ። ይኼን ቃል ሰርዝልኝ።»

«ሌላ ቃል የለንም፣ እናቴ። ከፈለጉ ይውሰዱት።»

ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ ትታለት ወጣች። እኔ በንዴት ጦፍኩ። አንዲት ቃል ምን ታደርገናለች፣ ክረምቱን በምን ልናሳልፈው ነው ብዬ መንገድ ላይ ጮህኩባት።

«ዝናቡ ይምታን» አለችኝ። «በልጄ ላይ አልመሰክርም።»

ቼኩን አባቷ ባወጡላት ስም አስተካክሎ እንዲልክላት በሰው እጅ ለወንድሜ መለሰችለት። ክረምቱን ሙሉ ድስትና ባልዲ ከጣሪያው ሥር ስናዘዋውር ከረምን። እያንዳንዱን ባልዲ ስደፋ ያንን ሊቀመንበር እረግመው ነበር። እናቴ ግን አንድም ቀን አላማረረችም፤ ያ ደግሞ ይብስ ያናድደኝ ነበር።

አዲሱ ቼክ የደረሰን ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው። ደሴ ወጣን። ያው ሠራተኛ ስሙን ከመታወቂያው ጋር አስተያየ፤ ገጠመ። የሒሳብ ደብተር ሊከፍትላት ብዕሩን አነሳና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«የላከልዎት ማነው?»

በዚያ ዘመን ውጭ አገር ያለ ዘመድ የሚነሳው በሹክሹክታ ነበር። ከኋላችን ሰልፍ አለ፤ በሩ ላይ ጠመንጃ የያዘ ዘበኛ ቆሟል። ቀስ ብላ እንድትናገር ቀሚሷን ጎተት አደረግሁ። ቀሚሷን ከእጄ መነጨቀችኝ።

«ልጄ ነዋ!» አለች፣ አዳራሹ ሁሉ እስኪሰማ። «ጅዳ ነው ያለ። አልኮበለለም፤ ላቡን አፍስሶ እናቱን የሚጦር ልጅ ነው። እንዲያ ብለህ ጻፈው!»

ሠራተኛው አንገቱን ደፍቶ መጻፍ ጀመረ። እኔ ዘበኛውን ላለማየት ወለሉ ላይ አፈጠጥኩ። ከኋላችን የቆሙ የማናውቃቸው ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አላህ ይጠብቅልሽ። በሰላም ያገናኛችሁ» አሉ።

ወንድሜ ከሄደ ወዲህ ሰው ፊት ሲመረቅ ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ከሰልፉ አንዱ «አሚን» አለ፤ ሌላውም ተከተለው። እኔም ቀና ብዬ፣ ጮክ አድርጌ፣ «አሚን» አልኩ።