ቅቤ የጠጣው ዝግባ

ልጅ እያለሁ ጭንቅላቴ ትልቅ ነበር። አሁንም ትልቅ ነው፤ ልዩነቱ ያኔ ፀጉር ነበረበት። አያቴ ከሆሳዕና ገበያ በኮባ የተጠቀለለ ቅቤ ገዝታ ስትመለስ ጉልበቷ መሀል ታስቀምጠኝና አናቴን ትለቀልቀዋለች። ይሄ ራስ የአንድ ላም ቅቤ አይበቃውም እያለች ታማርር ነበር። ጠዋት ፀሐይ ስትበረታ ቅቤው በጆሮዬ ሥር እየወረደ፣ የሰፈሩን ዝንብ አስከትዬ ትምህርት ቤት እገባለሁ። አስተማሪያችን ለብቻዬ መስኮት አጠገብ ያስቀመጠኝ ጎበዝ ስለሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

ጣቶቿ ላይ የቀረውን ቅቤ ደግሞ ግቢያችን ውስጥ ወዳለው ትልቅ ዝግባ ሄዳ ግንዱ ላይ ትቀባዋለች። ሁልጊዜ ሁለት ቦታ ነው፤ አንዱ በኔ ትከሻ ልክ፣ አንዱ ከሱ ዝቅ ብሎ። እጇን የምትጠርግ ይመስለኝ ነበር። እኛ ልጆች እዚያ ጥላ ሥር ጠጠር ስንጫወት ጀርባችንን ግንዱ ላይ እንደገፍ ነበር፤ ስንነሳ ሸሚዛችን የቅቤና የዝግባ ሙጫ ይሸታል። ለዚያ ሸሚዝ የተገረፍኩት ግርፊያ አሁንም ቆዳዬ ላይ አለ።

ጊዜው የጃንሆይ ነው። አባባ ከቤታችን መጀመሪያ ወንጌል የተቀበለ ሰው ነበር፤ ጸሎት ቤት ያገለግላል፣ እሁድ እሁድም ያስተምራል። በኛ አገር ደግሞ ዛፍ ላይ ቅቤ ከታየ ትርጉሙ አንድ ነው፤ የድሮ ሰዎች ለትልልቅ ዛፎች እየቀቡ ይለማመኑ ነበር። ቤታችን ለጸሎት የሚመጡት ምእመናን ግንዱን አይተው ያጉረመርሙ ጀመር። ግቢው ውስጥ ጣዖት ተክሎ እኛን ምን ያስተምረናል አሉ። አባባ አያቴን ተይ አላት። ዝም አለችው። ደግሞ ለመናት፣ ደግሞ ዝም። ለምን እንደምትቀባ ግን አልጠየቃትም። የዛፍ ቅቤ ምን እንደሆነ ማንም ያውቃል፤ ምን ይጠየቃል?

በመጨረሻ ከዱራሜ በኩል ዛፍ ቆራጮች አስመጣ። ለነሱ ዛፉ ቤት ላይ ያዘነበለ ስለሆነ ያሰጋኛል አላቸው፤ ውሸትም አልነበረም። ለጸሎት ቤቱ ሰዎች ጣዖቱ ሊወድቅ ነው አላቸው። ለእናቱ ለአያቴ ግን ቅርንጫፉን ሊመለምሉት ነው አላት።

አለቃቸው ጋሽ ኤርጃቦ የሚባል ቀጭን፣ ቀልደኛ ሰው ነበር። እኔን ሲያይ፣ ይሄን ራስ ከዛፉ ራቅ አርጉልኝ፣ ከወደቀበት ዛፉ ነው የሚጎዳው አለ። ሁሉም ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። ከሰዎቹ አንዱ ዛፉ ላይ ወጥቶ ቅርንጫፎቹን እያወረደ ግንዱን በገመድ ከላይ ጠፈረው። በቤቱና በእንሰቱ መሀል ባለችው ክፍት ቦታ ሊጥሉት ነው፤ ወዲህ ቢያጋድል ቤታችን፣ ወዲያ ቢያጋድል የምንበላው እንሰት ነው የሚያልቀው። አያቴ እንደተነገራት መስሏት የወደቀውን ቅርንጫፍ ለማገዶ ስትለቅም ቆየች፤ ከዚያ ወደ ጓሮ፣ እንሰቷ ውስጥ ገባች።

ሁለቱ መጋዝ ሳቢዎች ግንዱ ሥር በርከክ ብለው ጀመሩ። ግማሽ ሲደርሱ ነው አያቴ የመጋዙ ድምፅ ተለውጦባት ከጓሮ የመጣችው። አልጮኸችም። እጇ ላይ የእንሰት ጭቃ እንዳለ አባባ ፊት ቆመች፤ በሀዲይኛ ቀስ ብላ ተናገረች።

"ላምቤቦ፣ እዚያ ሥር ታላቅ ወንድምህና ታላቅ እህትህ ተኝተዋል።"

አባባ ወንድምም እህትም እንደነበረው አያውቅም። በኛ ዘንድ ታላላቆቹ ሞተው እሱ ለተረፈ ልጅ ስለነሱ አይነገረውም፤ ከሰማ ይጠሩታል ይባላል። እሱ ሳይወለድ በአንድ በሽታ ተከታትለው ነው የሄዱት።

"እንዳይጠሩህ ብዬ ይሄን ሁሉ ዘመን ዝም አልኩ" አለችው። "ያንተንና የልጅህን አናት ስቀባ የነሱን ልተወው?"

አባባ እጁን አንስቶ ቆራጮቹን አቁሙ አለ። መጋዙ ቆመ። ጋሽ ኤርጃቦ ተጎንብሶ የተቆረጠውን አየ፣ ወደ ቤቱም አየ። ያ ሁሉ ቀልዱ ጠፍቶ ነበር።

"አቶ ላምቤቦ፣ አሁን ቢተው ንፋስ ይጥለዋል። የሚወድቀውም ቤቱና እነዚህ ልጆች ላይ ነው" አለ።

አባባ መሬት መሬት ያያል። በመጨረሻ አያቴ ራሷ ነች ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቀጥሉ ብላ በእጇ ያሳየቻቸው። ዛፉ ሲወድቅ የመሬቱ መንቀጥቀጥ ጥርሴን አፋጨው። ከዚያ ግቢው በራ፤ እንደዚያ የሚያስጠላ ብርሃን አይቼ አላውቅም። እሷ ከአባባ ጋር ለብዙ ጊዜ አልተነጋገረችም፤ ቅቤም ከገበያ ማምጣት ተወች። ዝንቦቹ እንኳን ናፍቀውኝ ነበር።

አባባ ጉቶው እንዳይነቀል ከለከለ። ከግንዱ የታችኛው ክፍል ለጸሎት ቤቱ አንድ አግዳሚ ወንበር አሠራ። ቅቤው ቅርፊቱን አልፎ እንጨቱ ውስጥ ገብቶ ስለነበር፣ የሰው ልብስ እንዳይነካ ብሎ አናጢውን ያንን ፊት ወደ ታች አስደረገው።

አንድ እሁድ አያቴ ተነስታ ጸሎት ቤት ሄደች። ጭራሽ ረግጣው የማታውቅ ሴትዮ! ምእመናኑ በእልልታ ተቀበሏት፤ አባባ መድረኩ ላይ አለቀሰ። እሷ ግን ማንንም ሳታይ እዚያ ወንበር ላይ ሄዳ ቁጭ አለች፤ እኔን አጠገቧ አስቀመጠችኝ። ሁሉም ዓይኑን ጨፍኖ ሲጸልይ እጇ ወደ ወንበሩ ሥር ገባ። የቅቤ ሽታ ወዲያው አፍንጫዬ ደረሰ። ከዚያ በኋላ እስክትሞት ድረስ አንድ እሁድ አልቀረችም።

ዛሬ ዛፍ ለማስቆረጥ ስልክ መደወል ይበቃል። ባለሞተር መጋዙ ይመጣና ምሳ ሳይደርስ ግቢህ ሜዳ ይሆናል፤ ሥሩ ማን አለ ብሎ የሚጠይቅም የለም፣ መጋዙ እየጮኸ ማን ይሰማዋል። ጸሎት ቤቱም በፕላስቲክ ወንበር ተሞልቷል። ያቺ አግዳሚ ብቻ ጥግ ላይ ቀርታለች፤ አባባ በዚህ እርጅናው ፕላስቲክ ወገቤን ያመኛል እያለ ከሷ ሌላ ላይ አይቀመጥም።

ባለፈው ልጠይቀው ሄጄ እሁድ አብረን ገባን። ለጸሎት ዓይናችንን ስንጨፍን እኔ እንደ ልጅነቴ አንዱን ከፈት አድርጌ እጄን ወደ ወንበሩ ሥር ሰደድኩ። እርጥብ ነው። ትኩስ ቅቤ ነው። ደንግጬ አባባን ሳየው እሱም አንድ ዓይኑን ከፍቶ ያየኛል።

"በሱሪህ እንዳትጠርገው" አለኝ።

እኔም መላጣዬ ላይ ጠረግኩት።