እናቴና የፎቶ ቤቱ ወንበር

አባቴ መሃል ቆሟል፤ ታላቅ ወንድሜ በስተቀኙ፣ ክራቫቱን በጣቱ ይዞ፤ እናቴ በስተግራው፣ ወንበሩ ላይ፤ እኔ ከእሷ ፊት፣ አዲሱ ጫማዬ እንዲታይ እግሬን ወጣ አድርጌ። ወንበሩ ላይ አልኩ እንጂ እናቴስ አልተቀመጠችም።

ፎቶው ቤቴል ካለ አንድ ካፌ ግድግዳ ላይ በር አክሎ ተሰቅሏል። የሰቀለችው የፎቶ አንሺው የጋሽ ዘውዴ የልጅ ልጅ ሳምራዊት ናት። አያቷ ተበላሹ ብለው በካርቶን የተዉዋቸውን ኔጋቲቮች አጥባ ኤግዚቢሽን ከፍታለች። ጎረቤቴ ነግራኝ ስመጣ የፈለግሁት አንድ ነገር ነው፤ የእናቴን ፊት ማየት።

ጋሽ ዘውዴ ኮልፌ ገበያ አጠገብ ፎቶ ቤት ነበራቸው፤ መርከብ የተሣለበት መጋረጃ፣ ዓይን የሚያስለቅስ መብራት፣ ከጓዳው የሚወጣ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚል ሽታ። ለእሳቸው ፎቶ ማለት ፀጥ ብሎ መቆም ነው፤ አገጭ በሁለት ጣት ቀና ያደርጋሉ፣ የሰው እጅ አንስተው ጉልበቱ ላይ እንደ ዕቃ ያስቀምጣሉ፣ በኋላም ጠባሳውን በእርሳስ ያጠፋሉ። ሰፈሩ በሙሉ ግድግዳቸው ላይ ጠባሳ የሌለበትና የማይስቅ ሰው ነበር።

እናቴ ደግሞ መቀመጥ አታውቅም። ምግብ እንኳ ቆማ ነው የምትበላው።

«እትዬ ብርቄ፣ ወንበሩ እሾህ አለው እንዴ?» አሏት ያን ቀን ጋሽ ዘውዴ።

«ልብስ አስጥቼ እኮ ነው የመጣሁት! ዝናቡን አይሰሙትም?»

ጋሽ ዘውዴ ቁልፉን ሲጫኑ እሷ ብድግ አለች።

አባቴ ፎቶውን ሲያይ «ሚስቴን ጭስ አደረጓት» ብሎ ተቆጣ። ጋሽ ዘውዴም ከጉርድ ፎቶዋ ላይ ራሷን ቆርጠው ለጠፉና እንደገና አነሱት። ቤታችን የተሰቀለው ያ ነው፤ ከአንገት በታች የምትሮጥ፣ ከአንገት በላይ ቀበሌ የቀረበች ሴት። እናቴ ከሞተች በኋላ ሳስባት የሚመጣብኝ ያ የጉርድ ፎቶ ፊት ብቻ ሆነ። እሱም ወደ ዓለም ባንክ ሰፈር ስንዛወር ዝናብ ገብቶበት ቀረ።

አሁን ቀረብኩ፣ ራቅኩ፣ መነጽሬን አወለቅሁ፣ መልሼ አደረግሁ። በፊቷ ቦታ ከወንበሩ ወደ በሩ የሚሄድ ነጭ ነገር ነው ያለው። ጥርት ብሎ የሚታየው እጇ ብቻ ነው። ስትነሣ የተደገፈችው የእኔን ትከሻ ኖሯል። ረስቼው ነበር።

«እማማ፣ ያውቋቸዋል እንዴ?» አለች ሳምራዊት ከኋላዬ።

«እናቴ ናት።»

«ውይ! እኔ ከሁሉም የምወዳት እሷን ነው። አያቴ ‹አመለጠችኝ› ይል ነበር። እኔ ደግሞ የማነሳው ሰው ሲያመልጥ ነው።» ካሜራዋን ከአንገቷ አወረደች። «እስቲ አጠገቧ ይሁኑልኝማ። አይንቀሳቀሱ አልልዎትም።»

ግድግዳው ሥር ቆምኩ። በመስኮቱ ሳይ ሰማዩ በአስኮ በኩል ጠቁሯል፤ እኔም ልብስ አስጥቼ ነው የመጣሁት። እሷ ካሜራዋን ስታስተካክል ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ።