በመቋሚያዬ የመታሁት ውሻ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ስንቱን ስናዘዝ ይህችን ሁልጊዜ ዘልያት አልፋለሁ። ስለ ውሻ ደግሞ ንስሐ ይገባል ወይ እያልኩ ራሴን ሳታልል ዘጠኝ ዓመት አለፈ። ነገሩ የውሻ ብቻ እንዳልሆነ ግን ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ።

ወጌሻ ነኝ። ልደታ ውስጥ፣ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር፣ ወለም ያለውን እያሸሁ፣ የወለቀውን እየመለስኩ የኖርኩ ሰው ነኝ። ፊት ለፊታችን እትዬ አሰለፈች የሚባሉ አሮጊት ይኖሩ ነበር፤ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጅ ያልወለዱ። የሚያጫውታቸው ቡቺ የሚባል ነጭ ውሻቸው ነው። የሚጦራቸው ደግሞ ጎረቤታችን ጀማል ነው፤ የወሎ ልጅ፣ የታክሲ ሾፌር። ውሃ ሲጠፋ ጀሪካናቸውን ሞልቶ ያመጣል፤ ማክሰኞ ማክሰኞ ጋቢና አስቀምጦ ሐኪም ቤት ያደርሳቸዋል። እሳቸውም “ልጄ” እንጂ በስሙ ጠርተውት አያውቁም።

ዕለቱ የግንቦት ልደታ ነበር። ሲዘንብ አድሮ መንደሩ ጨቅይቷል። የታጠበ ነጭ ጋቢዬን ለብሼ፣ መቋሚያዬን ይዤ ወደ ቤተ ክርስቲያን ልወጣ ስል ቡቺ እንደ ልማዱ ጅራቱን እየቆላ መጣና ዘለለብኝ። የጭቃ እግሩ ደረቴ ላይ ታተመ። በዓመቱ በዓል፣ ውሻ የረገጠውን ጋቢ ለብሼ ሰው መሃል ልቆም ነው? ደሜ ፈላ። በመቋሚያው መታሁት። አንዴ ብቻ አልነበረም፤ ደገምኩት። የመጀመሪያው ንዴት ነው እንበል፣ ሁለተኛውስ? ሁለተኛውን የመታሁት እንዲርቅ ሳይሆን እንዲያመው ነው። ከጎድን አጥንቱ ዝቅ ብሎ፣ ወገቡ ላይ፣ በብረቱ በኩል። ጮኸና በፊት እግሮቹ እየተሳበ ጀማል ካቆመው ሚኒባስ ስር ገባ። ማንም አላየኝም። ጭቃው እንዳይታይ ጋቢዬን ገልብጬ ለበስኩና ሄድኩ። ያንኑ መቋሚያ ተደግፌ አስቀደስኩ።

ስመለስ ጎረቤቱ የልደታን ንፍሮ ለመቃመስ ደጅ ላይ ተሰብስቧል። ንፍሮውን ግን የነካ የለም። ቡቺ መሃላቸው ተኝቷል፤ የኋላ እግሮቹ አይንቀሳቀሱም። እትዬ አሰለፈች ጭቃው ላይ ተቀምጠው ያለቅሳሉ። ጀማል መኪናውን አስነስቶ ለሥራ ከወጣ በኋላ ውሻው እዚያው ቦታ እንደተገኘ አንዷ ጎረቤት ተናግራለች። ይሁን እንጂ ሰው ሳያረጋግጥ መፍረድ ፈርቶ ወጌሻው እስኪመጣ ይጠብቅ ነበር። ወጌሻው እኔ ነኝ።

ሥራችን ደንብ አለው፤ ከመንካት በፊት መጠየቅ ነው። ወድቆ ነው? ተመቶ ነው? መቼ? ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ያን ቀን ግን ምንም አልጠየቅኩም። ተንበርክኬ ጣቴን በቀጥታ የመታሁበት ቦታ ላይ አሳረፍኩ፤ ውሻው ጮኸ። ሰዎቹ ተያዩ። ሳይነግሩት አገኘው፣ እጁ ዐይን አለው ተባባሉ። እትዬ አሰለፈች ቀና ብለው አዩኝ።

“በላቸው፣ መኪና ነው?”

“መኪና ነው” አልኩ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። የባለሙያ ቃል ናትና ማንም አልመረመራትም። ማታ ጀማል መጥቶ ወላሂ አልነካሁትም እያለ ቢምል ሰሚ አላገኘም፤ ወጌሻው ተናግሯላ። እትዬ አሰለፈች ከዚያ ቀን በኋላ ሰላምታውን አልመለሱለትም። ማክሰኞ ሲመጣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው በእግራቸው ይሄዱ ነበር። እሱም መኪናውን ሌላ ቦታ ማቆም ጀመረ፣ ኋላም ቤት ለቀቀ።

እኔ ደግሞ ደግ ሰው ሆንኩ። ቡቺን ጣውላ ላይ አስተኝቼ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ሐኪሙ አጥንቱ አልተሰበረም፣ የተጎዳው በአከርካሪው ውስጥ የሚያልፈው ነርቭ ነው አለኝ። ወጌሻ መሆኔን ሲሰማ እንዳላሸው አስጠነቀቀኝ። የመኪና ሳይሆን የዱላ ይመስላል ብሎም ነበር። ይህችን ይዤ አልተመለስኩም፤ እዚያው ትቻት መጣሁ።

ለሳምንታት ሳይንቀሳቀስ አስተኛነው። እንዳይቆስል ጎኑን አገላብጠዋለሁ፤ ሽንቱ ሲቋጠርበት ሆዱን ቀስ ብዬ ተጭኜ አስወጣለታለሁ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ገና ድምፄን ሲሰማ ይንቀጠቀጥ ነበር። እትዬ አሰለፈች ሕመሙ ነው ይላሉ። ሐኪሙ ሲፈቅድልኝ እግሮቹን አንድ በአንድ ማጠፍና መዘርጋት ጀመርኩ። ከዚያ አሮጌ ነጠላ በሆዱ ስር አሳልፌ፣ በሁለት እጄ አንጠልጥዬ አቆመው ነበር። አንድ ቀን የኋላ እግሩን ጣት ብቆነጥጠው እግሩን ሰበሰበ። አለቀስኩ። የደስታ ነበር፤ እሱን አልክድም። ለመስቀል ደመራ አንድ እግሩን እየጎተተም ቢሆን ያለ ነጠላው ከቤት እስከ በሩ ሄደ።

እትዬ አሰለፈች እጄን ሊስሙ ጎንበስ አሉ። እኔም አልከለከልኳቸውም። ሳይነግሩት የሚያውቀው ወጌሻ እየተባለ ስሜ ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ድረስ ተሰማ፤ ደጄ ሰው በሰው ሆነ። ቡቺም ሲያየኝ ጅራቱን መቁላት ጀመረ። ይቅር ብሎኝ ነው? ወይስ ረስቶት? ወይስ ምግብ ስለማመጣለት? አላውቅም። ለእሱ ያደረግኩት ለፍቅር ይሁን ለመደበቂያ፣ እሱንም ዛሬ ድረስ መለየት አቅቶኛል።

ከሁለት ዓመት በኋላ እትዬ አሰለፈች አረፉ። ጀማል ሰምቶ ለቅሶ መጣ። ድንኳኑ ውስጥ ማንንም ቀና ብሎ ሳያይ አጠገቤ ተቀመጠ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ አናገረኝ።

“ጋሽ በላቸው፣ ያኔ አልገጨሁትም ብዬ የማልኩት እውነት መስሎኝ ነው። እርስዎ ካሉ በኋላ ግን ሳስበው ሳስበው፣ ጎማዬ የሆነ ነገር ላይ የወጣ መሰለኝ። ገጭቼዋለሁ ማለት ነው። እትዬ እንደተቀየሙኝ ሄዱ፤ ጥፋቱ የኔ ነው። እርስዎ ግን እኔ የሰበርኩትን ጠግነውልኛል። አላህ ይስጥልኝ።”

አሜን አልኩት።

በመቋሚያው መምታቴን ንዴት ነው ብል፣ መኪና ነው ማለቴን ድንጋጤ ነው ብል፣ ለዚያች አሜን ምን ስም እሰጣታለሁ? አልተቆጣሁም፣ አልደነገጥኩም። ሰውየው የኔን ጥፋት የራሱ አድርጎ ተሸክሞ ሲያመሰግነኝ፣ ተቀምጬ ምስጋናውን ተቀበልኩ።

ጀማል ዛሬም በሕይወት አለ። ሜክሲኮ አደባባይ የታክሲ ተራ ሲጠብቅ አልፎ አልፎ አየዋለሁ፤ እጁን አንስቶ ሰላም ይለኛል። እናንተ ያነበባችሁ፣ ይቅር ይበልህ እንዳትሉኝ። እሱ ሳይሰማ እናንተን ይቅርታ ብጠይቅ ያችኑ አሜን መድገም ነው።